ማንኳኳት ካቆሙ በኋላ የተከፈተ በር

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ወዳጄ የግጥም ረቂቁን ዝናብ እንዳይነካበት በፌስታል ጠቅልሎ ቤቴ መጣ። ሦስት አሳታሚዎች መልሰውታል። አንደኛው «ግጥም አይሸጥም» ብሎታል፤ ሁለተኛው የኅትመቱን ወጪ ከኪሱ እንዲያወጣ ጠይቆታል፤ ሦስተኛው ቃል ሳይተነፍስ ረቂቁን ብቻ መልሶለታል። ሻይ ቀዳሁለት። ከዚያም ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ወጣትን ሲያጽናና የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ታሪክ ነገርሁት። ሳይመንና ጋርፈንከል የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ድምፃውያን ሸክላ ለማስቀረጽ ስንት ዓመት እንደተንከራተቱ፣ ስንት ጊዜ እንደወደቁ፣ በመጨረሻ ግን የዓለም ጆሮ እንዴት እንደተከፈተላቸው ተረክሁለት። «አየህ፣ ላንኳኳ ይከፈትለታል» ብዬም ደመደምሁ።

ልጁ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና፣ «ጋሼ፣ አንኳኩተው ያልተከፈተላቸውስ? የእነርሱን ታሪክ ማን ይነግረናል?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ረቂቁን እንዳነብለት ትቶልኝ ሄደ፤ ጥያቄውንም አብሮ ትቶልኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱን ድምፃውያን ታሪክ ደጋግሜ መረመርሁት። በመረመርሁት ቁጥር ያን ዕለት የተናገርሁት ነገር እውነት አለመሆኑ እየታየኝ መጣ። ሳይመንና ጋርፈንከል በማንኳኳት የተከፈተላቸው በር አለ፤ ያ በር ግን የትም አላደረሳቸውም። ለዓለም ያደረሳቸው በር የተከፈተው ማንኳኳቱን ትተው፣ ተለያይተው፣ አንዱ ባሕር ማዶ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሳሉ ነው። ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፖል ሳይመንና አርት ጋርፈንከል በ1941 መጸው ላይ በሃያ ሦስት ቀን ልዩነት ተወለዱ። ያደጉት በኒውዮርክ ከተማ፣ ኩዊንስ በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ ጥቂት መንገዶች ብቻ በሚለያዩዋቸው ቤቶች ነው። ሁለቱም ከአይሁድ ቤተሰብ ናቸው። የፖል አባት በሙዚቃ ጓድ ውስጥ ቤዝ የሚጫወቱ ባለሙያ ነበሩ፤ አርት ደግሞ ከልጅነቱ በምኩራብ ያዜም ነበር። በ1953 ትምህርት ቤታቸው «አሊስ በድንቅ ምድር» የተባለውን ታሪክ በመድረክ ሲያቀርብ፣ ፖል ነጩን ጥንቸል፣ አርት የቼሻየሩን ድመት ሆነው ተጫወቱ። ወዳጅነታቸው ከዚያ ይጀምራል።

በአርት ቤት የድምፅ መቅረጫ ነበረ። በዚያ ዘመን በየቤቱ የማይገኝ ዕቃ ነው። ሁለቱ ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ሊነካኩ እስኪቃረቡ ተጠጋግተው፣ አንዱ የሌላውን ከንፈር እያየ ይለማመዱ ነበር። አንዱ ቃሉን የጨረሰበት ቅጽበት ከሌላው ጋር ገጥሞ እንደሆነ ቀድተው ያዳምጡታል፤ ካልገጠመ እንደገና ይሉታል። የጥንድ ዘፈን ምሥጢር ይህ ነው። ሁለት ሰው አብሮ መጮኹ ጥንድ አያሰኝም፤ አንደኛው ትንፋሹን የሚስብበትን ጊዜ ሌላኛው ሳይነገረው ማወቅ አለበት። ይህን ገና በልጅነታቸው አውቀውታል። ያላወቁት የሚዘፍኑትን ነገር ነበር።

አርአያቸው ኤቨርሊ ወንድማማቾች ነበሩ። በ1957፣ በአሥራ ስድስተኛው ዓመታቸው፣ ከእነርሱ አንዱን ዘፈን ለማስታወስ ሲሞክሩ በዚያው አምሳያ «ሄይ ስኩልገርል» የተባለ የራሳቸውን ዘፈን ሠሩ። ከኪሳቸው 25 ዶላር አዋጥተው ማንሃተን ውስጥ ወዳለ ትንሽ ስቱዲዮ ገቡና አስቀረጹት። በአጋጣሚ እዚያ የነበረ ሲድ ፕሮሰን የተባለ ሸክላ አሳታሚ ሰማቸው፤ ከወላጆቻቸው ጋር ተነጋግሮ «ቢግ» በሚባለው ድርጅቱ ስም አስፈረማቸው። እነሆ፣ በሩ ተንኳኳ፤ ተከፈተም።

ይሁን እንጂ በሩ ሲከፈት ስማቸውን ደጅ ጥለው ነው የገቡት። አርት «ቶም ግራፍ» ተባለ፤ የዘፈኖችን ደረጃ በየሳምንቱ በመስመራማ ወረቀት ላይ እየነደፈ መከታተል ይወድ ስለነበር ነው። ፖል «ጄሪ ላንዲስ» ሆነ። በአንድ ላይ ደግሞ «ቶም እና ጄሪ»፤ ልክ እንደ ድመቷና እንደ አይጧ። በዚያ ጊዜ የአሜሪካ ሬዲዮ ውስጥ ዘፈን እንዲሰማ ለአቅራቢው በድብቅ እጅ መንሻ ማቅረብ የተለመደ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ በአገሪቱ ምክር ቤት ምርመራ እስከ መክፈት ያደረሰ ልማድ ነው። ለዚህም ዘፈን 200 ዶላር ለአንድ ዝነኛ አቅራቢ መከፈሉ ይነገራል። ዘፈኑ ተሰማ። ወደ 100,000 የሚጠጋ ቅጂ ተሸጠ። በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 49ኛ ደረጃ ያዘ። በኅዳር ወር ሁለቱ ልጆች «አሜሪካን ባንድስታንድ» በተባለው የቴሌቪዥን መሰናዶ ላይ ቀርበው ዘፈኑ።

ይህን ስኬት አልንቅም። አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶት 100,000 ሸክላ የተሸጠለት ልጅ ምን እንደሚሰማው እገምታለሁ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ድምፁ የኤቨርሊ ወንድማማቾች ነው፣ ስሙ የአይጥና የድመት ነው፣ በሬዲዮ የተገዛው ደቂቃ ደግሞ የሌላ ሰው ገንዘብ ነው። ከዚህ ሁሉ ላይ የተውሶውን ብትቀንሱ የሚቀረው ሁለት ተስማሚ ጉሮሮ ብቻ ነው። የተከታዮቹ ዘፈኖች ዕጣ ይህን መሰከረ፤ አንዱም አልሆነም። ያው ድምፅ፣ ያው ስም፣ ያው አሳታሚ፤ ሰሚው ግን ሌላ ዘንድ ሄዷል። የተውሶ ልብስ ለሠርግ ያምራል፤ ለኑሮ አይበጅም።

ውድቀት መጀመሪያ የሚበላው ገንዘብን ይመስለናል። እዚህ መጀመሪያ የበላው ወዳጅነትን ነው። በ1958 ፖል ሳይመን «ትሩ ቴይለር» በሚል ሌላ ስም አንድ ሸክላ ለብቻው አስቀረጸ፤ አርት ግን አስቀድሞ አልተነገረውም። በኋላ ሲያውቅ እንደ ክህደት ቆጠረው። ነገሩ በአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች መካከል የተፈጸመ፣ ሸክላውም የትም ያልደረሰ ነበር። ቁስሉ ግን ዝናውም ሀብቱም ከመጣ በኋላ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልሻረም፤ በሁለቱ መካከል በተነሣው ጠብ ሁሉ ሥር እርሱ ይገኝ ነበር። ከንፈር ለከንፈር እየተያዩ ትንፋሽ ለትንፋሽ የገጠሙ ልጆች በአንድ ያልተነገረ ቃል ተለያዩ። አብረው መዝፈናቸውም በዚሁ ለዓመታት ተቋረጠ።

ከዚያ የመጡት አምስት ዓመታት በታሪካቸው ውስጥ በጥቂት መስመር የሚታለፉ ናቸው። እኔ ግን እዚያ ላይ መቆም እፈልጋለሁ። ፖል ኩዊንስ ኮሌጅ ገብቶ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማረ። ጎን ለጎን የሙከራ ቅጂ እየዘፈነ ይከፈለው ነበር፤ ይኸውም የዘፈን ደራሲዎች ሥራቸውን ለታወቁ ድምፃውያን አሰምተው ለመሸጥ የሚያስቀርጹት ናሙና ነው። በዚህ ሥራ ኋላ በካሮል ኪንግነቷ ዓለም ያወቃት የኮሌጁ ተማሪ አብራው ትሠራ ነበር። በራሱም ስሙን እየለዋወጠ ብዙ ሸክላ አስቀረጸ፤ አንድ ቀን ጄሪ ላንዲስ፣ ሌላ ቀን ቲኮ። አርት በበኩሉ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ትምህርቱን እየተከታተለ፣ «አርቲ ጋር» በሚል ስም ሁለት ሸክላ አወጣ። አንዳቸውም በገዛ ስማቸው አልዘፈኑም።

እነዚህ ዓመታት ባክነዋልን? አይመስለኝም። የሌሎችን ዘፈን በሌሎች ድምፅ መዝፈን፣ ቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ እየቀጸለ እንደሚውልበት ዘመን ያለ ነው። አንድ ዘፈን በምን እንደሚቆም፣ የት ላይ እንደሚደክም፣ የቱ ቃል ለጉሮሮ እንደሚመች በዚህ ይታወቃል። አደጋው ግን አለ። ቅጸላው መድረሻ የመሰለው ሰው የራሱን ቅኔ ሳይዘርፍ ያረጃል። ሳይመን ከዚያ እንዴት እንደወጣ ራሱ ተናግሯል። ማታ ማታ በወላጆቹ ቤት መታጠቢያ ክፍል ገብቶ፣ ድምፁ በግድግዳው ሸክላ ላይ ስለሚያስተጋባለት፣ መብራቱን አጥፍቶ የቧንቧውን ውሃ ለቆ በጨለማ ጊታሩን ይጫወት ነበር። በዚያ ሰዓት የሚሰማው ሰው አልነበረም። ሊገዛው የሚመጣም አልነበረም። ኋላ ስሙን ያስጠራው «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሳይለንስ»፣ ማለት «የዝምታ ድምፅ»፣ የተባለው ዘፈን የዚያ ጨለማ ልጅ ነው። ለማንም ሳያንኳኳ የሠራው ዘፈን ነው ለማለት እደፍራለሁ።

በ1963 ሁለቱ ተመልሰው ተገናኙ። ኒውዮርክ ግሪኒች ቪሌጅ ውስጥ ጊታር ይዞ የሚያንጎራጉር ወጣት የበዛበት ጊዜ ነበር፤ እነርሱም በዚያ በነበረው «ገርደስ ፎክ ሲቲ» መድረክ ላይ አዲሶቹን ዘፈኖች ሞከሩ። ፖል በአንድ የሙዚቃ አሳታሚ ቤት ተቀጥሮ የሌሎችን ዘፈን ተሸክሞ ከሸክላ ድርጅት ወደ ሸክላ ድርጅት ይዞር ነበር። እንዲህ ሲዞር ኮሎምቢያ የተባለው ትልቅ የሸክላ ኩባንያ ውስጥ ከሚሠራው ከቶም ዊልሰን ዘንድ ደረሰ። የሰው ዘፈን ይዞ ገብቶ የራሱን አሰማ። ዊልሰን ከመካከላቸው አንደኛውን ለሌላ ጓድ ሊወስደው ፈለገ፤ ፖል ግን «ከጓደኛዬ ጋር ሆነን እናሰማህ» አለው። አሰሙት፤ ውል ተፈረመ።

ቶም ዊልሰን ማን ነበር? በ1931 ቴክሳስ የተወለደ፣ ሃርቫርድ የተማረ፣ ገና በወጣትነቱ ትንሽ የሸክላ ድርጅት አቋቁሞ የሰን ራንና የሴሲል ቴይለርን ጃዝ ያሳተመ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በዚያን ወቅት ደግሞ የቦብ ዲላንን ሸክላዎች ያዘጋጅ ነበር። ጥቁር ሰው በትልቅ ኩባንያ ውስጥ እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት ብርቅ በነበረበት አገርና ዘመን፣ የእነዚህን ሁለት ልጆች ዕጣ የሚወስነው ጆሮ የእርሱ ሆነ።

የመጀመሪያው አልበማቸው በመጋቢት 1964 ተቀርጾ በጥቅምት ወጣ፤ ርእሱ «ዌንስዴይ ሞርኒንግ፣ 3 ኤ.ኤም.»፣ ማለት ረቡዕ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ሽፋኑ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ስማቸው ሰፈረ፤ ሳይመን እና ጋርፈንከል። ከአሥራ ሁለቱ ዘፈኖች አምስቱን የደረሰው ፖል ነበር። ከእነዚያ አንዱ በዘር መድልዎ ላይ ሲታገል ስለተገደለ ወንድም የሚያወሳ ነው። ዘፈኑ ከተቀረጸ ከሦስት ወር በኋላ፣ በሰኔ 1964፣ በኩዊንስ ኮሌጅ ፖል ያውቀው የነበረ አንድሪው ጉድማን የተባለ ተማሪ፣ ጄምስ ቼኒና ማይክል ሽወርነር ከተባሉ ጓደኞቹ ጋር ሚሲሲፒ ውስጥ ተገደለ። ጥቁሮች ለምርጫ እንዲመዘገቡ ለመርዳት ሄዶ ነው። ዘፈኑ ከሞቱ ቀድሞ የተጻፈ ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ያለ ጉድማን ሊዘፈን አልቻለም። ያ ከንቱ የትምህርት ቤት ማሽኮርመም ይዘፍን የነበረ ጉሮሮ የት እንደደረሰ ተመልከቱ።

አልበሙ ግን ወደቀ። ቢትልስ አሜሪካ የገቡት በዚያው ዓመት የካቲት ነበር፤ አገሩ ሁሉ ለእነርሱ ይጮኻል። ሁለት ለስላሳ ድምፅና ጊታር ማን ይስማ? በመጀመሪያው ጊዜ የተሸጠው 3,000 ያህል ነው። አነጻጽሩት። የተውሶው ዘፈን 100,000፤ የራሳቸው 3,000። ገበያ ዳኛ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ በዚያው ያልቅ ነበር።

ማንኳኳቱን የተዉት እዚህ ላይ ነው። ፖል ወደ እንግሊዝ ሄደ። በየመጠጥ ቤቱ ፎቅ ላይና ጓዳ ውስጥ በሚሰበሰቡ የሕዝብ ዘፈን ክበቦች ለጥቂት ሰዎች እየዘፈነ፣ በወዳጆች ቤት እያደረ፣ በባቡር ከከተማ ከተማ ይዞር ጀመር። «ሆምዋርድ ባውንድ» የተባለውን የናፍቆት ዘፈኑን የጀመረው በዚህ ጊዜ በሰሜን እንግሊዝ አንድ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ባቡር ሲጠብቅ ነው ይባላል። በ1965 ለንደን ውስጥ አንድ ጊታር ብቻ ይዞ ለብቻው አንድ አልበም ቀረጸ፤ ያም ብዙ አልተሸጠም። አርት ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ ተመለሰ። «ሳይመን እና ጋርፈንከል» የሚባል ጥንድ በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ።

እነርሱ በሌሉበት ግን አንድ ነገር ይንቀሳቀስ ነበር። ቦስተን ውስጥ አንድ የሌሊት ሬዲዮ አቅራቢ ያን የዝምታ ዘፈን ያሰማል፤ ለፈተና የሚያመሹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይሰሙታል፤ ደውለው ይድገመን ይላሉ። በፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻም ለዕረፍት የወረዱ ተማሪዎች ይጠይቁት ጀመር። ወሬው ኩባንያው ደረሰ፤ ዊልሰንም ሰማ። በሰኔ 1965፣ ዲላን «ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን»ን በሚቀርጽበት ሰሞን፣ ዊልሰን የኤሌክትሪክ ጊታር፣ የቤዝና የድራም ተጫዋቾችን ሰበሰበና በአሮጌው ቅጂ ላይ አስጫወታቸው። ባለቤቶቹን ማንም አልጠየቀም። ተጫዋቾቹም ተቸገሩ፤ የሁለቱ ልጆች ፍጥነት እንደ ትንፋሻቸው ይረግባል፣ ይጠብቃልና ድራሙ ሊጠብቃቸው ግድ ሆነ። ሸክላው በመስከረም ወጣ።

ፖል ዘፈኑ ሰንጠረዥ ውስጥ መግባቱን የሰማው ዴንማርክ ውስጥ ሲዘፍን ነው። አዲሱን ቅጂ ሲያዳምጥም መደንገጡን በቅርብ የሚያውቁት ተናግረዋል፤ ያላስቀመጠው ድራም፣ ያልመረጠው ጊታር፣ የሚዘገይና የሚቸኩል አጀብ። ጥር 1 ቀን 1966 ዘፈኑ በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። ፖል ራሱ ኋላ እንደተረከው፣ በዚያን ሰሞን ሁለቱ በኩዊንስ ጎዳና ዳር መኪና ውስጥ ሥራ ፈተው ተቀምጠው ሳለ ሬዲዮኑ ዘፈናቸው አንደኛ መውጣቱን አበሰረ። ይህን ጊዜ አርት፣ ሳይመንና ጋርፈንከል የሚባሉት ሰዎች ዛሬ ምንኛ ተደስተው ይሆን አለ። ቀልድ ነው፤ ግን ከቀልዱ ሥር ወርቅ አለው። ስማቸው እነርሱን ጥሎ ቀድሞ ሄዷል። ደስታው ያለበት ቦታ እነርሱ የሉም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንውሰድ? ብዙዎች «ጽናት» ይላሉ። እኔም ብያለሁ። ነገር ግን በ1957 በዚያች የ25 ዶላር ስቱዲዮ ውስጥ ተራ ይዘው ስንት ልጆች አለፉ? ከእነርሱ ከሳይመን ያላነሰ የጸና አንድ እንኳ አልነበረም ብሎ የሚምል ማን ነው? ጽናትን ብቻ የሚያወሳ ምክር ለተሳካለት ሰው ውዳሴ፣ ላልተሳካለት ደግሞ ክስ ነው። «ቢጸና ኖሮ» እያለ የወደቀውን ሰው ሁለተኛ ይጥለዋል። የወጣት ወዳጄ ጥያቄ የነካው ይህን ነው።

ሌሎች «ዕድል» ይላሉ። ዕድልማ ነው፤ ነገር ግን ዕድል ሲመጣ የሚያገኘው ነገር መኖር አለበት። ዊልሰን ድራሙን በምን ላይ ጨመረው? በመታጠቢያ ክፍል ጨለማ ውስጥ በተጻፈ ግጥምና ከልጅነት ጀምሮ በተገጠመ ሁለት ትንፋሽ ላይ ነው። ድራሙን ብታነሡት ዘፈኑ አሁንም ቆሞ ይገኛል፤ የ1964ቱን ቅጂ ያዳመጠ ያውቀዋል። «ሄይ ስኩልገርል» ላይ ምንም ብትጨምሩበት ከቶም እና ጄሪ አያልፍም ነበር። እንግዲህ የደራሲው ድርሻ ይቺ ብቻ ትመስለኛለች፤ አንድ ቀን አንድ ሰው ቢያገኘው የማያሳፍር፣ በስሙ ሊፈርምበት የሚችለውን ነገር ሠርቶ ማስቀመጥ። ትንሽ ድርሻ ናት። ሌላ ሰው ሊወጣለት የማይችል ድርሻም ናት።

የቀረው ድርሻ ግን የእርሱ አይደለም። የሌላ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ይጠየቅበታል። ቦስተን ያለ አቅራቢ በሌሊት አንድ የወደቀ ሸክላ አንሥቶ ባያሰማ፣ አንድ ተማሪ ስልክ አንሥቶ ባይደውል፣ ዊልሰን «ይህ ነገር አለቀ» ተብሎ ከተዘጋ መዝገብ ውስጥ አሮጌ ቅጂ ባያወጣ፣ የሳይመን ጽናት እንግሊዝ አገር አንድ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ይቀር ነበር። ዊልሰን ሳያስፈቅድ በሰው ሥራ ላይ እጁን ማስገባቱን እንደ ሕግ አልደግፍም። በግጥሜ ላይ ሳይጠይቀኝ አንድ ስንኝ የሚጨምር አርታዒ ቢገጥመኝ አልታገሠውም። ቢሆንም ከነካኩት ሰዎች ይልቅ ሳይነኩት ያለፉት ሰዎች የበለጠ ይጎዳሉ ብዬ አምናለሁ፤ የነካው ቢያንስ ሰምቶታል። ዊልሰን ብዙም ሳይቆይ ከኩባንያው ለቀቀ፤ በ1978 በአርባ ሰባት ዓመቱ አረፈ። ሁለቱን ስሞች የሚያውቅ ሁሉ ሦስተኛውን አያውቅም።

ይህን እየጻፍሁ ሳለ ዓይኔ መደርደሪያዬ ላይ አረፈ። ፌስታሉ እዚያው ነው። ከክረምት እስከ ጥር ድረስ አልፈታሁትም። ሥራ በዛብኝ፣ ዓይኔን አመመኝ፣ ነገ አነበዋለሁ እያልሁ ሰነበትሁ። ለልጁ ስለማንኳኳት የሰበክሁ እኔ፣ ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የተዘጋው በር ራሴ ኖሬአለሁ። አሳታሚዎቹ እንኳ ቢያንስ መልሰውለታል።

ባለፈው ቅዳሜ ፌስታሉን ፈታሁትና እስከ ማታ አነበብሁት። ከአርባ ሁለቱ ግጥሞች ብዙዎቹ ቅጸላ ናቸው፤ የማን ድምፅ እንደሆነ ስም ጠርቼ ልነግራችሁ እችላለሁ። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ግን ስለ አባቱ የጥበቃ ካፖርት የጻፈው አንድ ግጥም አለ። እርሱን የጻፈው ማንም በማያየው ሰዓት ነው። ሁለት ጊዜ አነበብሁትና ስልኬን አነሣሁ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ትቼዋለሁ» አለኝ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ። «አሁን ሥራ ይዣለሁ፤ አልጽፍም።»

«እሱን አልጠየቅሁህም» አልሁት። «የካፖርቱን ግጥም ለማውቃቸው ሰዎች ላሳይልህ ትፈቅድልኛለህ?»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» ልል ስል፣ «አነበቡት እንዴ?» አለኝ።